«ስኳዱ ውስጥ ቦታ የለህም» አለኝ

እንደምን ከረሙ እትዬ?

አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። አብዛኛው ሰው ስለ ትዳርና ስለ ገንዘብ ይጽፍልዎታል። የኔ ጉዳይ ጌም ነው። ቢሆንም እንቅልፍ ከነሳኝ ወር አልፎታል።

የ27 ዓመት ልጅ ነኝ። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ጫማ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አብሮ አደግ ጓደኞች አራት ነን። ፋሲካን በእኛ ቤት፣ ኢድን በእነሱ ቤት እየበላን ነው ያደግነው። በጥቅምት 2014 ደሴን ለቀን ስንወጣ ተበታተንን። ለሳምንታት ማን የት እንዳለ አላወቅንም። ተመልሰን ኔት ሲለቀቅ ፐብጂ የሚባለውን የስልክ ተኩስ ጌም ከፈትኩ። ከጓደኞቼ ዝርዝር ውስጥ የአንዱ ስም አረንጓዴ ሆኖ በርቷል። ማይክ ከፍቼ «አለህ?» አልኩት። «አለሁ» አለኝ። ያን ማታ እንዴት እንደተጫወትን ትዝ አይለኝም። ድምፁ ግን እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዛሬ አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሯል። አንዱ አዲስ አበባ ነው። ያ «አለሁ» ያለኝ ደግሞ ጅዳ ከገባ ሦስት ዓመት ሞላው። ማታ ማታ ስኳድ፣ ማለት የአራት ሰው ቡድን፣ ሠርተን እንገናኛለን። ለኔ ጌሙ ሰበብ ነው። የሰፈር ወሬ እናወራለን፣ እንሳሳቃለን፣ ብንሞት እንደገና እንጀምራለን።

የጅዳው ግን ካለፈው ሲዝን፣ ማለት ከጌሙ የውድድር ዙር፣ ወዲህ ተለወጠ። ኤስ የሚባል ከፍተኛ ደረጃ ገባ፤ አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ደረጃ፣ ኮንከረርን፣ ካልያዝኩ ብሏል። ጌም ከተጀመረ ወሬ የለም። «ዝም በሉ፣ ኮቴ ልስማ» ይላል። የት እንደምንወርድ፣ ማን ምን እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ማታ 11 ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱ ተመትቶ ወደቀ። ግድግዳ ሥር እየዳኸ «አንሳኝ፣ አንሳኝ» ይለኛል። አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ። በዚያው ቅጽበት እናቴ «ቶናው ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ጠራችኝ። ስልኩን ሥጋጃው ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ። ሲኒዬን ይዤ ስመለስ ሁሉም አልቋል። እሱ ምንም አላለኝም። በማግስቱ ስገባ በቦታዬ የማላውቀው ሰው አለ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «አንተ ካዥዋል ነህ። ስኳዱ ውስጥ ቦታ የለህም። ሸክም ሆነህብናል።»

እትዬ፣ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም እንዴ? ወይስ ሱስ ይዞት ይሆን? ለእናቴ አልነገርኳትም። አሁንም «የጅዳው ልጄ ደህና ነው?» ትለኛለች። «ደህና ነው» እላታለሁ። ምን ላድርግ?

ወንድምዎ፣ ከደሴ

*

የኔ ወንድም፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ላንተ አዘንኩ። ሁለተኛ ሳነበው ለሱም አዘንኩ።

ካዥዋል የተባልክበት ነገር ስላስከፋህ ከቃሉ ልጀምር። ለመዝናናት ብቻ የሚጫወተው ካዥዋልና ጌሙን አምርሮ የያዘው ሃርድኮር በተጫዋቾች አፍ አንዱ ስድብ፣ አንዱ ማዕረግ ሆነዋል። ብዙ ሰው ልዩነቱን በሰዓት ይለካዋል። እኔ አልስማማም። በየማታው ለረጅም ሰዓት ካንዲ ክራሽ ላይ የምትቀመጥ ጎረቤት አለችኝ። ስልኳን ስታጠፋ ጌሙም ከሐሳቧ ይወጣል። በቀን 40 ደቂቃ ብቻ የሚጫወት የእህቴ ልጅ ደግሞ አለ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ «ትናንት በዚያ በኩል ባልወጣ ኖሮ» እያለ ያሰላስላል። ሃርድኮሩ እሱ ነው። ችሎታም አይለካውም። ገና ያልለመደው «ኖብ» ይባላል፤ ካዥዋል ግን ሌላ ነው። ተኩሶ የማይስት ካዥዋል አለ፣ ሌት ተቀን ለፍቶ የማይሳካለት ሃርድኮርም አለ።

እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው። ብትሸነፍ ምን ታጣለህ? አንተ ብትሸነፍ ምንም አታጣም፤ ጓደኞችህ አሉ፣ ወሬው ይቀጥላል። እሱ ቢሸነፍ የሳምንታት ድካሙ ይሄዳል።

ይሄ ነገር በስልክ የመጣ አይምሰልህ። ልጅ ሆኜ ሐይቅ እያለን አጎቴ ገበጣ ይጫወት ነበር። ጠጠሩን ሲያዞር ማንም አያናግረውም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ጠጠር ይቆጥራል። እናቴና ጎረቤቶቿ በዚያው ገበጣ ቡና እስኪፈላ ይጫወታሉ፤ ማን እንዳሸነፈ እንኳ አይዙትም። ገበጣው አንድ፣ ጠጠሩ አንድ። አጎቴ ከሴቶቹ ጋር ቢቀመጥ ይናደድ ነበር፣ ሴቶቹም ከሱ ጋር ቢቀመጡ ይሰለቻቸው ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ሰምተሃል። ጨዋታ ጨዋታ አይደለም ወይ ስትለኝ ያንን ማለትህ ነው። አጎቴ ግን ይቆጣ ነበር፤ ክፉ ሰውም አልነበረም።

ሪቻርድ ባርትል የሚባል እንግሊዛዊ አለ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወትበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረውን ሙድ የተባለ ጌም አብሮ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን አራት ቦታ ከፈላቸው። ነጥብና ደረጃ የሚያሳድዱ አሉ። ዓለሙን እየዞሩ የሚያስሱ አሉ። ሰው ፍለጋ የሚገቡ አሉ። ሌላውን መጣል የሚያስደስታቸውም አሉ። አንተ ሰው ፍለጋ የገባህ ነህ፤ ደብዳቤህ ሁሉ ይህንኑ ይናገራል። ጓደኛህም ሲጀምር እንዳንተው ነበር። ያን ማታ «አለሁ» ሲልህ ደረጃ አልፈለገም። አሁን ነጥብና ደረጃ ወደሚያሳድዱት ተሻግሯል።

የተሻገረበትን ቦታ በቅጡ ያየኸው አልመሰለኝም። ፐብጂ ላይ ከብሮንዝ ተነስተህ በሲልቨር፣ በጎልድ፣ በፕላቲነም፣ በዳይመንድና በክራውን አልፈህ ኤስ ለመድረስ ነጥብ መሙላት ይበቃሃል። ኮንከረር ግን ወንበሩ የተቆጠረ ነው። በሰርቨሩ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው 500 ተጫዋቾች ብቻ ይይዙታል። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ስለዚህ እሱ ተኝቶ እያለ ሌላው እየተጫወተ ይበልጠዋል። ሲዝኑ ሲያልቅ ደግሞ ደረጃው ዝቅ ይልና እንደገና ይጀመራል። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባ ሰው ወሬ ቢያስጠላው አልፈርድበትም። 100 ሰው በሚወርድበት ካርታ 11 ውስጥ ለመቅረት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያን ማታ ስልኩን ሥጋጃው ላይ ስታስቀምጠው ግማሽ ሰዓታቸውን አብረህ አስቀመጥክ።

ለእናትህ «አቤት» ማለትህ ትክክል ነው። ጥፋትህ ጀበናው መጣዱን እያወቅክ ራንክ ጌም፣ ደረጃ የሚቆጠርበትን፣ መጀመርህ ላይ ነው። አቦል ከተጠጣ ቶና እንደሚከተል ወሎ ተወልደህ አይጠፋህም።

ደግሞስ የወደቀ ሰው ለማንሳት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሰከንዶች ናቸው። «መጣሁ እማዬ» ብለህ አንስተኸው መሄድ ትችል ነበር። እሱን የጎዳው ሽንፈቱ ብቻ አይመስለኝም። «አንሳኝ» እያለህ መልስ አጣ። የሚለምነው ደግሞ ያንኑ «አለህ?» ብሎ የፈለገውን ጓደኛውን ነበር።

የሁለታችሁን ማታ ጎን ለጎን አድርገህ እየው። የደሴና የጅዳ ሰዓት አንድ ነው፤ ማታችሁም እኩል ይመሻል። አንተ ጌሙ ሲያልቅ፣ ሳያልቅም ጭምር፣ እናትህ ያፈሉት ቡና ይጠብቅሃል። ከረቡው ይጨሳል፣ ጎረቤት ይገባል። እሱ ስልኩን ሲያጠፋ ምን እንደሚጠብቀው አልጻፍክልኝም። ጠይቀኸው የምታውቅም አልመሰለኝም። ሰው አገር ለፍቶ የሚያድር ልጅ፣ ቀን ሙሉ የሚታዘዝ ልጅ፣ ማታ እሱ አዝዞ እሱ ከፍ የሚልበት አንድ ቦታ ቢያገኝ አጥብቆ ቢይዘው አይግረምህ። ይህ ግምቴ ነው። ግን አስብበት።

ሱስ ነው ወይ ብለሃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ሕመም የሚባል አለ። መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሥራውና ከኑሮው ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። ሥራ መቅረቱን ወይም ቤተሰቡን መርሳቱን አልነገርከኝም። ወሬ ስላቋረጠህ ብቻ በሽተኛ አትበለው። በተለይ ፊት ለፊት እንዳትለው።

እሱ ያጠፋውንም ልናገር። አዲስ ሰው ማስገባቱ መብቱ ነው። ሳይነግርህ ማስገባቱ ግን ነውር ነው። «ሸክም» የሚለው ቃልም ላብሮ አደግ አይባልም። ሃርድኮር መሆን ሰውን ለመናቅ ፈቃድ አይሰጥም። ስትታረቁ ይህንን በግልጽ ንገረው፤ ዋጥ አድርገህ አትለፈው።

ታዲያ ሁለት ዓይነት ሰው በአንድ ጌም መኖር ይችላል? ይችላል። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ እስከ 40 ሰው በአንድነት የሚዘምትባቸው ዘመቻዎች ነበሩት። አንዱ በመሃል ቢነሳ ሁሉም ይቸገራሉ። ያው ጌም ግን አልፎ አልፎ ለሚገባውም አስቦለታል። ገጸ ባሕርይህን ማደሪያ ቤት አስገብተህ ከወጣህ፣ ስትመለስ ጠላት ጥለህ የምታገኘው ነጥብ ለተወሰነ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። አርፎ ለመጣውም ድርሻ አለው ማለት ነው። እናንተም ድርሻውን ለዩት።

ራንክ ከሚገፋበት ስኳድ በራስህ ፈቃድ ውጣ። «እሱ ያንተ ነው፣ አራተኛ ሰው ፈልግ፣ እኔ አልቀየምም» በለው። በምትኩ አንድ ማታ ለአራታችሁ ጠይቀው። ጁምዓ ዕረፍቱ ከሆነ ሐሙስ ማታ ይሁን። ያን ማታ ነጥብ የሚባል ነገር አይነሳ። ቲዲኤም የሚባለውን አጭር የቡድን ፍልሚያ ግቡ፤ አራት ለአራት ነው፣ ቀድሞ 40 የጣለ ቡድን ያሸንፋል፣ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። ቡና ቢጠራህም አንዱን ጨርሰህ ትነሳለህ። እሱም ኮቴ የሚያዳምጥበት ነገር የለም፣ ማውራት ይችላል። አልፎ አልፎ ለራንክ ሰው ጎድሎበት ቢጠራህ ደግሞ እሺ ከማለትህ በፊት ጀበናውን ጠይቅ። ግማሽ ሰዓት ከሌለህ «ዛሬ አልችልም» በለው። እሱ ከግማሽ መንገድ የሚቀር ሰው ከሚያገኝ ቀድሞ የቀረ ሰው ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ግን ሎቢ ላይ፣ ጌሙ ሳይጀመር የምትጠባበቁበት ቦታ፣ አትጻፍለት። በኢሞ ደውልለት። ስለ ኮንከረር ሳታነሳ መጀመሪያ ስለዚያች ማታ ይቅርታ ጠይቅ። «ሳላነሳህ ሄድኩ» በለው። ከዚያ ማታ ማታ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ጠይቀው።

ለእናትህም «ደህና ነው» እያልክ አትዋሽ። ቡናው እየተጠጣ ደውልና ስልኩን ስጣቸው። ራሳቸው ይጠይቁት።