ጥያቄና መልስ፦ ጋይሮስኮፕ ሲሽከረከር ይቀላል?

ጋይሮስኮፕ ማለት በዘንጉ ዙሪያ በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ነው። ሲሽከረከር ይቀላል ወይ የሚለው ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን ብዙ ሰው አከራክሯል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ ልመልስ።

ከሸዋ ሮቢት፦ መምህር፣ አንድ ፕሮፌሰር የሚሽከረከር ከባድ ጎማ በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ሲያነሳ አየሁ። ቀለለ ማለት አይደለም?

ሰውየው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ኤሪክ ሌይትዌይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የለንደን የሳይንስ ተቋም ነው ያሳየው። ያየኸው እውነት ነው፤ ማታለል የለበትም። ቀለለ የሚለው ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። የማይሽከረከር ጎማ ዘንጉን ጫፉ ላይ ይዘህ በአግድም ለማንሳት ሞክር። የሚያሸንፍህ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የእጅህን አንጓ ወደ ታች የሚጠመዝዘው ኃይል ነው። ሲሽከረከር ግን ያ ጥምዘዛ ጎማውን ወደ ታች አይጥለውም፤ ወደ ጎን ያዞረዋል። አንተም አብረህ ስትዞር ትግሉ ይቀርልሃል። ኪሎው ግን እንዳለ ነው፤ እሱን ክንድህ ተሸክሞታል።

ከመሐል ሜዳ፦ እናቴ ሱፍ ትፈትላለች። እንዝርቷስ ሲሾር ይቀላል?

አይቀልም። እንዲያውም በአንስታይን ስሌት የሚሾር ነገር ጉልበት ስለሚይዝ እጅግ በጥቂቱ ይከብዳል። 20 ኪሎ ጎማ በደቂቃ 2,000 ዙር ቢዞር እንኳ ጭማሪው ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ያንሳል። የትኛውም የገበያ ሚዛን አያየውም።

ከአንኮበር፦ ጃፓኖች በሚዛን አረጋግጠዋል ይባላል።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃያሳካና ታኬውቺ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ጋይሮስኮፕ ወደ ቀኝ ሲዞር ብቻ ጥቂት ሚሊግራም ይቀንሳል ብለው ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ በተባለ የፊዚክስ መጽሔት ላይ አወጡ። ወደ ግራ ሲዞር ለውጥ የለም አሉ። ነገሩ አልተናቀም። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው መዘኑት። ምንም ለውጥ አላገኙም። እኔ ሳይንስን የምወደው ለዚህ ነው፦ ማንም የፈለገውን ይበል፣ ሌላው ደግሞ ይመዝነዋል።

ከደብረ ሲና፦ ደጋ ላይ ስለሆንን ውጤቱ አይለይም?

ከፍታም ከምድር ወገብ ያለው ርቀትም ክብደትን ይነካሉ። በስፕሪንግ ሚዛን ደብረ ብርሃን ላይ 20 ኪሎ ያለ ዕቃ ሰሜን ዋልታ ላይ ከ100 ግራም በላይ ይጨምራል። ግን ይህ ለቆመውም ለሚዞረውም እኩል ነው።

ከዚያው፦ ራሳችን እንሞክረው?

በደንብ! የብስክሌት ጎማ ከነመቆሚያው ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡ። መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያ እየዞረ መዝኑ። ንዝረትና የጎማው ነፋስ ቁጥሩን ስለሚያወዛውዘው ሚዛኑ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙሩት። በእጃችሁ ስሜት ግን አትፍረዱ።