«ሺዙካ»ን በአማርኛ ምን እንበላት? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ አንዲት የጃፓንኛ ቃል የመጣላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ቃሏ «ሺዙካ» ናት። ጃፓንኛ የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኛታል። መዝገበ ቃላቱ «ጸጥ ያለ» ብሎ ያልፋታል። ጥያቄዎቹ ከጠበቅኩት በላይ በዙ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሺዙካ «ጸጥታ» ነው ወይስ «ዝምታ»? ሁለቱንም ተጽፈው አይቻለሁ።

መልስ፦ እንደ ገባችበት ቦታ ነው። «ሺዙካና ሄያ» ብትል ጸጥ ያለ ክፍል ነው። «ሺዙካና ኡሚ» ግን ማዕበል የሌለው፣ የረጋ ባሕር ነው። «ሺዙካና ሂቶ» ረጋ ያለ ሰው ነው። «ሺዙካ ኒ አሩኩ» ደግሞ ኮሽታ ሳያሰሙ በቀስታ መራመድ ነው። አየህ፣ ቃሏ ውስጥ ድምፅ ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴም አለ። ለዚህ ነው ሳስተምር ሁልጊዜ «መርጋት» የሚለውን ቃላችንን አጠገቧ የማስቀምጠው። ውሃ ይረጋል፣ ሰው ይረጋል፣ ልብም ይረጋል። ሺዙካም እንደዚያ ናት።

«ጸጥታ»ን ስትጠቀም ደግሞ ጠንቀቅ በል። የእኛ ጸጥታ የጸጥታ ኃይልንና የጸጥታው ምክር ቤትን ጭምር ይሸከማል። ሺዙካ ይህን አትሸከምም። የአገር ጸጥታ በጃፓንኛ ሌላ ቃል አለው፣ «ቺያን» ይባላል።

ጥያቄ፦ «ሺዙካይ» ብዬ ጽፌ መምህሬ በቀይ አሰመረበት። «ታካይ»፣ «ሳሙይ» እያልን ይሄ ለምን ተለየ?

መልስ፦ ጃፓንኛ ሁለት ዓይነት ቅጽል ስላለው ነው። «ታካይ» (ውድ፣ ረጅም) እና «ሳሙይ» (ብርድ ያለው) ራሳቸው መጨረሻቸውን ይቀያይራሉ። አሉታቸው «ታካኩናይ»፣ «ሳሙኩናይ» ይሆናል። ሺዙካ ግን ከሁለተኛው ወገን ናት፣ እሷ አትነካም። ስም ሲከተላት «ና» ትጨምራለህ፣ ግስ ሲከተላት «ኒ»፣ ዓረፍተ ነገር ስትዘጋ «ዴስ»። አሉታዋ «ሺዙካ ጃ ናይ» ነው፣ ያለፈው ጊዜ «ሺዙካ ዳታ»። ስትናገራት ድምፅህን «ሺ» ላይ ከፍ አድርገህ ወዲያው ዝቅ አድርግ። ይህን ከመጀመሪያው የለመደ ሰው በኋላ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ተቃራኒዋ ምንድን ነው? አንዱ መጽሐፍ «ኒጊያካ» ይላል፣ ጓደኛዬ ደግሞ «ኡሩሳይ» ትላለች።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ ስሜቱ ላይ ነው። ድምፁን ከወደድሽው ኒጊያካ ነው፦ ሞቅ ደመቅ ያለ ገበያ፣ ሰው የሞላው የበዓል ቤት። ካወከሽ ኡሩሳይ ነው፦ ጫጫታ፣ ረብሻ። ያው አንድ ሠርግ ለታዳሚው ኒጊያካ፣ ለጎረቤት ኡሩሳይ ሊሆን ይችላል። ኡሩሳይን ለብቻዋ ጮክ ብለሽ ካልሻት ግን «አፍህን ዝጋ!» ማለት ትሆናለች። ፊልም ላይ ሰምታችሁ ሰው ላይ እንዳትሞክሯት አደራ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጃፓን ነው። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ይማራል፣ መምህርቷ «ኦቶናሺ» ነው አለችኝ። ዝምተኛ ማለቷ ነው? ልጨነቅ ወይ?

መልስ፦ አትጨነቂ እህቴ። ኦቶናሺ የመጣው «ኦቶና» ከሚለው ቃል ነው፣ አዋቂ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ጭምት፣ ጨዋ፣ የማይረብሽ ቢባል ይቀርባል። ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። «ሺዙካና ኮ» ብትልሽም የምትነግርሽ ረጋ ያለ ልጅ መሆኑን ነው። «ሙኩቺ» ካለችሽ ግን ንግግር የማያበዛ ማለቷ ነው፤ ቃሉ ሲጻፍ ራሱ «አፍ የለም» ተብሎ ነው። ቢሆንም የጃፓን መምህር የሚያሳስበውን ነገር ቀጥታ ላይናገር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ ከልጆች ጋር እንዴት ይጫወታል ብለሽ ጠይቂያት። ከመልሷ ብዙ ትረጃለሽ።

ጥያቄ፦ የጃፓናዊውን ገጣሚ የባሾን ግጥም በትርጉም አነበብኩ። ነፍሳቱ እየጮኹ እሱ «እንዴት ያለ ጸጥታ» ይላል። ይሄ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሺዙካ ለሰው በደንብ የምትገባው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ማትሱዎ ባሾ እ.ኤ.አ. በ1689 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእግሩ ሰሜን ጃፓንን ሲዞር ያማጋታ ውስጥ ያማዴራ የሚባል ቦታ ደረሰ። ስሙ «የተራራ ቤተ መቅደስ» ማለት ነው። ዛሬም ወደ ላይ ለመውጣት ከ1,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ አለ። ወቅቱ በጋ ነበር። በጃፓን በጋ «ሰሚ» የሚባለው ነፍሳት ዛፍ ላይ ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ በቅርብ ሲሰሙት ጆሮ ይሞላል። ባሾም የሰሚው ድምፅ ዐለቱ ውስጥ ሲሰርግ ሰማሁ አለ፣ ግጥሙንም በ«ሺዙካሳ»፣ ማለትም በ«ጸጥታ»፣ ጀመረው።

ሺዙካ «ድምፅ አልባ» ብቻ ብትሆን ኖሮ ግጥሙ ስህተት በሆነ ነበር። ነገር ግን ተራራው ረግቷል፣ ሰውዬው ረግቷል፣ የሚያቋርጥ ነገር የለም። ያ አንድ ድምፅ ጸጥታውን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም እንዲሰማ ያደርገዋል። ገጠር ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሌሊቱ ምን ያህል ጸጥ እንዳለ የምታውቀው ከሩቅ አንድ ውሻ ሲጮኽ ነው።

ኪዮቶ ውስጥ ሺሰንዶ የሚባል በ1641 የተሠራ ቤት አለ። እዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አትክልቱ ውስጥ በመሐል አንጓው ላይ የተሰቀለ አንድ የቀርከሃ ቁራጭ አለ። ቀጭን ውሃ ይወርድበታል። ቀስ እያለ ይሞላል፣ ሲከብደው ያዘነብላል፣ ውሃውን ያፈሳል። ከዚያ ተመልሶ ሲወድቅ ጀርባው ድንጋዩን «ኮ!» ያደርገዋል። መጀመሪያ የተሠራው ሰብል የሚያበላሹ እንስሳትን ለማስደንገጥ ነው፤ ስሙም «ሺሺ ኦዶሺ» ነው። ከዚያ ድምፅ በኋላ ያለውን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመርኩ። ጎኔ የተቀመጡት አንድ አረጋዊ ቀስ ብለው «ሺዙካ ዴስ ኔ» (ጸጥ ብሏል፣ አይደል?) አሉ፣ ልክ ቀርከሃው ድንጋዩን እንደመታ። ያን ዕለት ነው ቃሏ የገባችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባሾ ቃሏን የጻፈበት ካንጂ (ከቻይና የመጣው የጃፓንኛ ጽሕፈት ምልክት) የተለመደው አይደለም። እሱ የመረጠው በር ውስጥ ዛፍ የቆመበትን ነው። ያ ካንጂ ፋታን፣ ሥራ ፈትነትን፣ ሰው የማይበዛበትን ቦታ የሚናገር ነው።

ጥያቄ፦ የተለመደው ካንጂ «ሰማያዊ» እና «ጠብ» ከሚሉ የተሠራ ነው ይባላል። ጠብ እንዴት ጸጥታ ይሆናል?

መልስ፦ ለማስታወስ «ጠቡ በረደ» ብለህ ያዘው፣ ይረዳሃል። እውነቱ ግን የሰማያዊው ክፍል በዋናነት የሚነግርህ ንባቡን ነው፤ ከቻይንኛ በመጣው ንባቡ «ሴይ» ይባላል። 14 ጭረት አለው።

ጥያቄ፦ ሺዙካ የሰው ስምም ነው አይደል? የሴት ብቻ ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ነው። ከሁሉ የታወቀችው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው ዘፋኝና ተወዛዋዥ ሺዙካ ጎዘን ናት። የጦር መሪው የሚናሞቶ ዮሺትሱኔ ፍቅረኛ ነበረች። በ1186 ዮሺትሱኔን የሚያሳድደው ወንድሙ ዮሪቶሞ ካማኩራ ላይ ፊቱ እንድትወዛወዝ አዘዛት። እሷም እዚያው ፊቱ ቆማ የተሰደደውን ፍቅረኛዋን ናፍቆት ዘፈነች። ዮሪቶሞ ተቆጣ፣ ሚስቱ ማሳኮ ናት ያበረደችው። ስሟ «የረጋች» ይሁን እንጂ ድፍረቷ እስከ ዛሬ ይወራል።

በእኛ ዘመን በ2006 የቶሪኖ ኦሎምፒክ በፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ የሸርተቴ ትርዒት) ወርቅ ያገኘችው አራካዋ ሺዙካ አለች። ወንድም ይጠራበታል፦ በ2009 የፋይናንስ አገልግሎት ሚኒስትር የነበረው ካሜይ ሺዙካ ስሙን የሚጽፈው በአራካዋ ካንጂዎች ነው፣ «ጸጥታ» እና «መዓዛ» በሚሉት።

የሺዙኦካ ከተማ ስምም «ጸጥ ያለ ኮረብታ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው በ1869 ሲሆን መነሻው ሺዙሃታ የሚባል ተራራ ነው። የተራራው ስም የሚጻፈው «ዝቅ ያለ፣ ወራዳ» የሚል ትርጉም ባለው ካንጂ ነበር። ለከተማ ስም ስላልተስማማ በዚህኛው ተተካ።

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ወደ ጃፓን ልሄድ ነው። ሰውን «እባክህ ዝም በል» ለማለት የቱን ልጠቀም? ባቡር ውስጥስ?

መልስ፦ መደበኛው «ሺዙካ ኒ ሺቴ ኩዳሳይ» ነው። መምህር ለተማሪ፣ እናት ለልጅ ይሉታል። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መቅደስ ላይ የምታየው ከፍ ያለ አክብሮት ያለው «ኦሺዙካ ኒ» ነው። «ዳማረ» የሚለውን ግን አትንካው፤ «ዝም በል አንተ!» ነው። ልዩነቱ እንደ እኛ «ጸጥታ እባካችሁ» እና «ዝጋ!» ነው።

ባቡር ውስጥ ስልክህን ድምፅ አልባ እንድታደርግና እንዳትደውል በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ከጓደኛህ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ነውር አይደለም። ስልክ ማውራት ነው የሚከብዳቸው። የሚቆጣህ ሰው ላታገኝ ትችላለህ፤ ይህ ግን ተመችቷቸዋል ማለት አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ ከቤተሰቤ ጋር ጮክ ብዬ አወራ ነበር። አንድ ቀን የፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ፦ «ለነዋሪዎች በሙሉ፣ ስለ ሴይካትሱ ኦን እንድናስብ»። ሴይካትሱ ኦን የኑሮ ድምፅ ነው፦ እግር፣ በር፣ ቧንቧ፣ ወሬ። ስሜ አልተጠቀሰም። ከዚያ በኋላ ስደውል ከመስኮቱ ራቅ ማለት ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም ሲሉ «ሺዙካ» ይባላል?

መልስ፦ ክፍሉን ልትለው ትችላለህ። ሰዎች ሳይናገሩ መቆየታቸው ግን «ቺንሞኩ» ነው። ጥያቄ ጠይቀህ መልስ ቢዘገይ ቶሎ አትሙላው። እያሰቡ ሊሆን ይችላል። «እናስብበታለን» የሚል መልስ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ እንቢታ ነው።

ጥያቄ፦ ገበያ የጠፋበትን ሱቅ ወይም ሰው የሌለበትን ሰፈር ሺዙካ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን የእኛን «ጭር ያለ» አይሰጥህም። ጭር ሲል ልብ ያዝናል፤ ሺዙካ ውስጥ ያ ሐዘን የለም። ለሐዘኑ «ሳቢሺ» አለልህ። ገበያ ለጠፋበት ሱቅ ደግሞ «ካንኮዶሪ ጋ ናኩ» ይላሉ፣ ኩኩ ወፍ እየዘመረበት ነው እንደማለት።

ጥያቄ፦ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ውስጥ ማንም ሳይናገር «ሺይን» ተብሎ ይጻፋል። ድምፅ ከሌለ ምኑ ነው የተጻፈው?

መልስ፦ ጸጥታው ራሱ ነው የተጻፈው። ይህ ለሌላ ሰው ይከብዳል፣ ለእኛ ግን ቀላል ነው። «ቤቱ ጭጭ አለ» እንላለን። ጭጭ ምን ዓይነት ድምፅ ነው? ምንም። እኛ «አለ»ን አስከትለን ጭጭ አለ፣ ጸጥ አለ፣ ዝም አለ እንደምንለው፣ እነሱ «ቶ ሱሩ»ን አስከትለው «ሺይን ቶ ሱሩ» ይላሉ። መምህሩ ገብቶ ክፍሉ ድንገት ጭጭ ሲል ሺይን ነው። ልጆቹ ሥራቸውን ይዘው ከተረጋጉ በኋላ ያለው ነው ሺዙካ።