መልስ፦ የሚማሩት ነገር ለዛሬ ልጆች ይጠቅማል ወይ?

አብሽር ወንድሜ! «እህቴ ደሴ 11ኛ ክፍል ናት፤ የምትሸመድደው ነገር ለኑሮዋ ምን ይፈይድላታል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እንደሚመስለኝ ከይዘቱ በላይ ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ የአሲድና የቤዝን ትርጉም በእንግሊዝኛ አንበልብሎ ይወጣዋል። አሲድና ቤዝን በቀለሙ የሚለየውን የሊትመስ ወረቀት ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሎሚ ጨምቆ ሰማያዊው ወረቀት ሲቀላ ቢያይ እኮ መሸምደድ አያስፈልገውም ነበር። ቦርከና አፍንጫው ሥር ይፈሳል፤ ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች ውሃ ቀድቶ ቢያወዳድር ደግሞ ኬሚስትሪው የሰፈሩ ጉዳይ ይሆናል። በእርግጥ በ2014ቱ ጦርነት ቤተ ሙከራቸው የተዘረፈባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። መምህሩ ከየት ያምጣ?

ቋንቋውም አለ። ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻው ተምሮ 9ኛ ሲገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ልንል ነው?

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ላይ የሙያ ትምህርት አስገብቷል። ወረቀቱ ላይ አሪፍ ነው፤ ግብርናን ያለ ማሳ፣ ኮምፒውተርን ያለ ኮምፒውተር ማስተማር ግን ያው ሽምደዳ ነው።

ለእህትህ የምመክራት፦ ማታ ማታ ያነበበችውን ደብተሩን ዘግታ በአማርኛ ታስረዳህ። የተንተባተበችበት ቦታ ላይ ተመልሳ እንግሊዝኛውን ታንብብ።