ለጉልበት የፒአርፒ መርፌ ስትዘጋጂ ከቁርሱ ይልቅ የማስታገሻው ነገር ያሳስብሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጉልበትሽን የፒአርፒ መርፌ፣ ማለትም ከራስሽ ደም ተዘጋጅቶ የሚሰጠውን መርፌ፣ ልትወጊ ቀጠሮ ይዘሻል፤ ያስጨነቀሽ ቁርስ በልተሽ መሄድሽና የምትለብሽው ልብስ ነው። ቁርስሽን ብዪ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ በደንብ ጠጪ፣ ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ልብስ ልበሺ። ይህን ማንም ይነግርሻል። እኔ የምጽፍልሽ ማንም ያልነገረኝን ነው።

1. ማስታገሻ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እነዚህን ሳይውጥ ስለማይውል አንቺም ትወስጃለሽ ብዬ ነው የምቀጥለው። መርፌው የሚሠራው ከራስሽ ደም በሚወጣ ፕላትሌት ነው። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ደቃቅ የደም ክፍል ሲሆን፣ የተጎዳ ቦታ ላይ ሲነቃ ለጥገና የሚያግዙ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ማስታገሻዎቹ ይህንኑ መንቃት ያዳክሙታል። አስፕሪንማ አንዴ ያገኘውን ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ፣ ያሰናክለዋል። ብዙ ሐኪሞች ከመርፌው 1 ወይም 2 ሳምንት በፊት እንዲቆሙ የሚያዙት ለዚህ ነው።

እኔም ለዚሁ መርፌ ቀጠሮ ስይዝ የሕክምና ቤቱን እንግዳ ተቀባይ በስልክ ጠይቄያት ነበር። «የምወስዳቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ችግር ይኖረዋል?» ስላት «ምንም ችግር የለውም፤ ብቻ ክፍያውን ቀድመው ያስገቡ» አለችኝ። አስገባሁ። በቀኑ እጅጌዬ ተሰብስቦ፣ ክንዴ በላስቲክ ታስሮ፣ ነርሷ የደም ሥሬን በጣቷ እየዳሰሰች ሳለ ነው «ሰሞኑን ማስታገሻ ወስደዋል?» ያለችኝ። ጠዋት የዋጥኩትን ዳይክሎፌናክ ነገርኳት። አንድም ቃል ሳትጨምር ላስቲኩን ፈታችው። ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ያዙ ብሎ መለሰኝ፤ በእሱ አልተቀየምኩም፣ ሥራውን ነው የሠራው።

አንጀቴን ያሳረረው የሒሳብ መስኮቱ ነው። «ቀጠሮው በታካሚው ምክንያት ስለተሰረዘ ክፍያው አይመለስም» ተባልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ሐኪምዎን መጠየቅ ነበረብዎት» አለችኝ። ሐኪሙን ከዚያ ቀን በፊት እንዳላይ በር ላይ የቆመችው ራሷ ናት! መድኃኒት አቁሙ የሚል ወረቀት ሰጥታችሁኝ ከሆነ አሳዩኝ አልኩ፤ የሚያሳዩት አልነበራቸውም። ቁጭ ብዬ አቤቱታዬን በእጄ ጻፍኩ፤ ተቀብለናል ብለው ካልፈረሙበትም አልወጣም አልኩ። ገንዘቤ ወደ አዲሱ ቀጠሮ ተዛወረ። በኋላ ስመለስ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚታደል የመመሪያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ አገኘሁ። ማን እንዳስጻፈው እኔ አውቃለሁ።

2. እንዲህ ስልሽ ግን ያገኘሽውን መድኃኒት ሁሉ ጣዪ ማለቴ አይደለም። አስፕሪን ለልብ ከታዘዘልሽ ወይም ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ፣ ያዘዘልሽን ሐኪም ሳትጠይቂ አንድም ቀን አታቋርጪ፤ ከጉልበት ሕመም ይልቅ ስትሮክ ይከፋል። ለሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ይፈቀዳል። የጉንፋን ክኒን ማሸጊያም አንብቢ፤ አንዳንዱ ውስጥ አይቡፕሮፌን አለ። በቅርቡ ጉልበትሽ ላይ የኮርቲዞን (እብጠት የሚያበርድ) መርፌ ተወግተሽ ከሆነም ተናገሪ፤ በሁለቱ መካከል ሳምንታት እንዲያልፉ ይፈልጋሉ። እኔ በሁለተኛው ቀጠሮ የምወስደውን ሁሉ ከነማሸጊያው በከረጢት ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሐኪሙ ሳቀ፤ አንድ በአንድ ግን አየው።

3. የደም ቆጠራ ውጤት ይኑርሽ። ጤናማ የፕላትሌት መጠን በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። በጣም ካነሰ፣ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለብሽ መርፌው ይቆያል። ደምሽ በሴንትሪፉጅ፣ ማለትም ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ ክፍሎቹን በሚለይ መሣሪያ፣ ተሽከርክሮ ሲወጣ አሳዩኝ በዪ፤ ከታች ቀዩ ደም ይተኛል፣ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ይንሳፈፋል፣ በመካከላቸው ስስ ነጣ ያለ ንጣፍ አለ። መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ ይሰጥ እንደሆነም ጠይቂ።

ከመክፈልሽ በፊት ይህንንም እወቂ። በ2021 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸውን 288 ሰዎች ተከታትሎ፣ ከ12 ወር በኋላ በፒአርፒና ለማነጻጸሪያ በተሰጠ፣ መድኃኒት በሌለው የጨው ውኃ መርፌ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ሌሎች ጥናቶች ለውጥ አለው ይላሉ። እኔ ደረጃ መውጣት ቀሎኛል፤ ከመርፌው ይሁን ጎን ለጎን ከሠራሁት የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ መለየት አልችልም። ያቺው እንግዳ ተቀባይ «ስቴም ሴሉ ይሻልዎታል» ብላ ዋጋው እጥፍ የሆነ ሕክምና ልትሸጥልኝም ሞክራ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመገጣጠሚያ ሕመም ያጸደቀው አንድም የስቴም ሴል ምርት የለም ስላት ወሬ ቀየረች።

ከመርፌው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጪ። ቤተሰብ አዝኖልሽ አይቡፕሮፌን ሲያቀርብ ግን እንቢ በዪ፤ ክልከላው ከመርፌው በኋላም ለሳምንታት ይቀጥላል። ትኩሳት ከመጣ፣ ጉልበትሽ ከቀላ ወይም እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

አሁን ስልክሽን አንሺና ደውዪ። ሐኪሙን ወይም ነርሷን አገናኙኝ በዪ፤ የትኛውን መድኃኒት ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደምታቆሚ በጽሑፍ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። አንልክም ካሉሽ የመለሰልሽን ሰው ስም ከነቀኑ መዝግቢው።