ፒኩ መሃል ክር ላይ ለሚያዝብህ ልጅ

አንድ የኮዬ ፈጬ ልጅ ጥያቄ ልኮልኛል። ኮርድ ሲገርፍ (ብዙ ክር ባንዴ ሲመታ) ሰላም ነው፣ ኤ ማይነር የሚባለውን ኮርድ ክር በክር ልልቀም ሲል ግን ፒኩ (ክር የሚመታበት ትንሿ ፕላስቲክ) ሶስተኛና አራተኛ ክር ላይ ይያዝበታል፣ አንዳንዴም ከእጁ አምልጦ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ሲጠጋ ደግሞ ይብስበታል። ጊታሩ ባለ ብረት ክር ነው፣ ሁለተኛ እጅ የገዛው፣ የሸጠለት ሰውዬ "ዝዝ እንዳይል" ብሎ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ዘንግ) ስር ክብሪት እንጨት ሰክቶበታል። ችግሩ ጣቴ ነው ጊታሩ ነው ይላል።

ወንድሜ ትንሽ ትንሽ ከሁለቱም ነው፣ ግን ዋናው የእጅህ አንጓ ይመስለኛል። ስትጫወት ባላይህም ልገምት፣ ክንድህን ጊታሩ ጠርዝ ላይ ጥለህ ትንሿን ጣትህን ፊቱ ላይ ተክለህ፣ በር በቁልፍ እንደሚከፍት ሰው እጅህን እያዞርክ ነው ከክር ወደ ክር የምትሄደው። አይደል? እንደዛ ከሆነ ፒኩ እንደ ዥዋዥዌ ነው የሚሄደው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ከፍ ይላል መሃል ላይ ዝቅ ይላል፣ መሃል ያሉት ደግሞ ሶስተኛና አራተኛ ናቸው። ስድስቱም ላይ እኩል ቢይዝህ ኖሮ መጀመሪያ ፒክህን ነበር የምጠረጥረው።

ስለዚህ ከክር ወደ ክር ስትሻገር ከክርንህ ተንቀሳቀስ፣ እጅህ ሙሉውን ትንሽ ይውረድ ትንሽ ይውጣ፣ አንጓህ ክሩን ለመንካት ብቻ ይስራ። ትንሿ ጣት ትንካ ግን አትተከል።

አሁን ክብሪቱ። እዚህ ለገጣፎ እኔ ጋ ከሚመጡት ጊታሮች ስንቱ ሆድ ዕቃው ውስጥ ክብሪት፣ የታጠፈ የሲጋራ ወረቀት፣ አንዴ እንደውም የማስቲካ ልጣጭ አግኝቻለሁ። በገና ዝዝ እንዲል እንዚራ (ከክሩ ስር የሚገባ ቁራጭ ቆዳ) ይገባለታል፣ ጊታር ላይ ግን ዝዝ ካለ ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ ዝም ብሎ ከፍ አይደረግም። ክብሪት 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ሳድል ላይ 2 ከጨመርክ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች 12ኛው) ላይ 1 ይጨምራል፣ ግራ እጅህ በጣም ይጫናል ቀኝህም ሳታውቀው ተከትሎ ይጠነክራል። ክሩን አላላና ሳድሉን በእጅህ ንቀል፣ ክብሪቱን አውጣ፣ መልሰህ ቃኝ። በተማሪ ማስመሪያ 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ስር ለካ፣ ቀጭኗ አንደኛ ጋ 2 ሚሊሜትር፣ ወፍራሟ ስድስተኛ ጋ 2 ከግማሽ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

ክር የምትቀይር ከሆነ ደግሞ የተወጠረ ክር በፒንሳ እንዳትቆርጥ!! መጀመሪያ በመቃኛው አላላ እስኪንጠለጠል ድረስ፣ ከዛ ቁረጥ። የብረት ክር ጊታር ላይ ስድስቱ ተደምረው ወደ 70 ኪሎ ነው የሚስቡት። እኔ ጀማሪ ሆኜ አንደኛ ክር ስወጥር ተበጥሳ ከዓይኔ ስር ጉንጬን ገርፋኛለች፣ ሁለት ጣት ከፍ ብትል ዛሬ በአንድ ዓይን ነበር የማይህ።

ብሪጅ ጋ ለምን ይብሳል ላልከው፣ ይሄን ማስረዳት ደስ ስለሚለኝ ታገሰኝ። ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ አይደል፣ መሃሉን በአንድ ጣት ብትጫነው እጥፍ ይላል፣ እንጨቱ የታሰረበት ጋ ብትጫነው ግን ድርቅ ነው። ገመዱ ያው አንድ ገመድ ነው ውጥረቱም ያው ነው። ልዩነቱ ጫፉ ጋ ስትጫን አጭሩ ክፍል ለትንሽ ዝቅታ በጣም ገደል መሆን ስላለበት ነው፣ መሃል ላይ ግን ሁለቱም ጎን ረጅም ስለሆነ ዳገቱ ቀላል ነው። ጊታርም እንደዛው። ክሩ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ዘንግ) እስከ ሳድል 65 ሴንቲ ነው ብንል፣ ከሳድሉ 5 ሴንቲ ላይ ለመግፋት የሚያስፈልግህ ጉልበት 20 ሴንቲ ላይ ከሚያስፈልገው 3 እጥፍ ነው። ልጁ ብሪጅ ጋ ሄዶ ፒኩ ሲያመልጠው እጄ ደካማ ነው ብሎ ጨምድዶ ይይዛል፣ ሲጨመድድ ፒኩ ቀጥ ብሎ ይገተራል፣ የተገተረ ፒክ ክሩ ላይ አይንሸራተትም ይሰካል፣ ከዛ ተመልሶ እጄ ደካማ ነው። ለልምምድ የድምፅ ቀዳዳው ላይ ወይም ትንሽ ወደ አንገቱ ተጠጋ፣ ብሪጅ ጋ ያለውን ስል ድምፅ በኋላ ትደርስበታለህ። ክራር ተጫዋቾች ግርፍና ድርድር እያሉ የሚለዩት ለዚህ ይመስለኛል፣ ለግርፍ የሚሆን ጉልበት ለለቀማ አይሆንም።

ፒኩን በአውራ ጣትህ ሆድና በሌባ ጣትህ ጎን መሃል ያዝ፣ ጫፉ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይታይ፣ ወደ ጎን ትንሽ አዘንብለው። እነዚህ በጆንያ የሚመጡ ርካሽ ፒኮች ደግሞ ጠርዛቸው ላይ ከፋብሪካ የቀረ ሹል መስመር አላቸው፣ በጥፍርህ ዳስሰው፣ ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጥፋው። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ቆርጠህ ብትሞርደው እሱ ይሻላል፣ 0.76 ሚሊሜትር ነው፣ ለለቀማ ምንም አይልም።

ልምምዱ በ6/8 (ስድስት ስድስት እየተቆጠረ በሚሄድ ምት) ነው፣ የኛ ዘፈን ግማሹ በሱ ስለሚሄድ ያዋጣሃል። ኤ ማይነር ይዘህ ክሮቹን በዚህ ተራ ልቀም፦ 5፣ 3፣ 2፣ 1፣ 2፣ 3። እስከ አንደኛ ክር ስትወርድ አራቱንም ወደ ታች፣ ስትመለስ ሁለቱን ወደ ላይ ምታ። በጣም ዝግ ብለህ፣ ስልክህን ቀኝ እጅህ ላይ አነጣጥረህ ቅረፅ፣ አንጓህ ሲሽከረከር ካየህ ቁም እና እንደገና። ከዛ በፊት ግን ግራ እጅህን ክሮቹ ላይ ጣል አድርገህ ድምፅ አፍነህ አንድ አምስት ደቂቃ በቀኝ ብቻ ሞክር፣ ኮርዱ ሳይኖር ጆሮህ አይታለልም፣ የተያዘው ክር ጠቅ ሲል ይሰማሃል።

በሳምንት ካልተሻለህና አሁንም ሶስተኛዋ ብቻ ከያዘችህ ክሯን እያት፣ ስድስቱም ባንድ ላይ በሚሸጡበት የአኩስቲክ (ኤሌክትሪክ ያልሆነ) ጊታር ክር ጥቅል ላይ ሶስተኛዋ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለች ናት፣ ያንተ ልሙጥ ከሆነች አንዱ በነጠላ የገዛትን የኤሌክትሪክ ጊታር ክር አስገብቶብሃል ማለት ነው። ቀይራት። ስትቀይርም አላልተህ፣ ስትወጥርም ፊትህን ዞር አድርገህ።