ስምንት ጎረምሳና አንድ ጀነሬተር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭነት አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእኔ ጋር ሦስት ልጆች አሉ። ገርጂ አካባቢ ላለ ሕንፃ 1,200 ኪሎ የሚመዝን ጀነሬተር ወደ ምድር ቤት አውርጄ እንድገጥም ተስማምቻለሁ። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ተዳፋት መንገድ፣ የራምፑ፣ ጣሪያ ዝቅ ስላለ ክሬን አይገባም። ከሰፈር ስምንት ጎረምሳ ቀጥሬ፣ በቱቦ እያንከባለልን በገመድ ይዘን ልናወርደው አስቤ ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ እውነቷን ነው። ቱቦ ለሜዳ ጥሩ ነው። ራምፕ ላይ ግን አይሆንም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ራምፑ በየ6 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ ቱቦ ላይ የተቀመጠ 1,200 ኪሎ ዕቃ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ለስምንት ሰው ሲካፈል 25፣ 25 ኪሎ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የአንዱ እግር ይንሸራተታል፤ የሌላው እጅ በገመዱ ይቃጠልና ይለቃል። የእነሱ ድርሻ ወዲያው በቀሩት ላይ ይወድቃል። ጀነሬተሩ አንዴ መሮጥ ከጀመረ የሚያቆመው ሰው የለም። ላቁመው ብሎ ከፊቱ የሚገባ ልጅ ግን አይጠፋም። እኔ የምፈራው ለእሱ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ እናዛውር ነበር። ወለሉ ደልዳላ ነው፤ ማሽኑ ቱቦ ላይ ነው። ጓደኛችን ከኋላ የወጣውን ቱቦ አንስቶ ከፊት ሲያስገባ፣ ጫፍና ጫፉን በመያዝ ፈንታ ጣቱን ከሥር አሳልፎ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ግፉ» አለ። ሌላው «ቆይ» አለ። እኔ የሰማሁት «ግፉ» የሚለውን ነው። ገፋሁ። ማሽኑ አንድ መዳፍ እንኳ አልሄደም። ጓደኛችን ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ካልሆነ ከባድ ዕቃ አልነካም። «ቁም» ማለት ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ የቀን ሠራተኛውም ቢለው ሁሉም ይቆማል።

ወደ ራምፑ ልመለስ። ጀነሬተሩን በሁለት ረጃጅም ሞራሌዎች ላይ አስቀምጠህ እሰረው። እንጨት በደረቅ ኮንክሪት ላይ እምቢተኛ ነው፤ በራሱ አይወርድም። እምቢታው ነው የሚጠብቅህ። ራምፑ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወይም ውኃ ካለ ግን እምቢታው ይጠፋል፤ አጥራው፣ አድርቀው፣ አሸዋ ነስንስበት። ከላይ በኩል እጀታ ያለው የገመድ መጎተቻ፣ ብዙዎቻችን ቲርፎር የምንለውን፣ ተከራይ። የሚችለው ክብደት ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ሳታነብ አትውሰድ። ቲርፎሩ የሚታሰርበት መልሕቅ የሕንፃው ኮለን (ምሰሶ) ይሁን እንጂ የበር ብረት ወይም የውኃ ቱቦ አይሁን። ሌላውን ጫፍ ደግሞ በጀነሬተሩ የታችኛው ቤዝ ላይ እሰር። ሞተሩን ወይም ሽፋኑን እንዳትነካ። ገመዱን ሁልጊዜ እንደተወጠረ ትንሽ ትንሽ እየለቀቅህ፣ ከኋላ በዲጂኖ ገፋ እያደረግህ አውርደው። ከፊቱ፣ በታች በኩል፣ ማንም አይቁም። በተወጠረው ገመድ መስመር ላይም እንደዚያው። ዕቃው እንዳይንሸራተት የሚያግደውን ታኮ የሚያስገባው ልጅ ከጎን ሆኖ፣ ታኮውን በረጅም እንጨት ይግፋው።

በክሪክ ስታነሳ አንዱን ጫፍ ብቻ አንሳ። አንድ ጣት ባነሳህ ቁጥር አንድ ጣት ጣውላ ከሥሩ አስገባ። ክሪክ ብቻ በያዘው ዕቃ ሥር እጅ አይገባም፤ የወደቀው ቡሎን ወርቅ ቢሆንም።

አንድ ቀን ቀደም ብለህ ናፍጣውን ከጀነሬተሩ ታንክ አስወጣ። 150 ሊትር ናፍጣ ወደ 125 ኪሎ ይመዝናል፤ ዕቃው ሲያዘነብል ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይሄድብሃል። ባትሪውንም ንቀል።

ከመኪና ለማውረድ ክሬን መጠቀምህ አይቀርም። የሚታንጠለጠልበትን ቀበቶ አጭር አታድርገው። በሁለት እግር፣ ማለትም ከመንጠቆው ወደ ዕቃው በሚወርዱ ሁለት ቀበቶዎች፣ ስታነሳ እግሮቹ ከአግድም 60 ዲግሪ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ወደ 700 ኪሎ ይይዛሉ። ወደ 30 ዲግሪ ከተዘረጉ ግን እያንዳንዳቸው 1,200 ኪሎውን በሙሉ ይሸከማሉ። ብዙ ቀበቶ የሚበጠሰው በዚህ ነው፤ ሰው ግን «አሮጌ ስለነበረ ነው» ይላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሁለት ነገር ባለንብረቱን ጠይቀው። ጭሱ በየት ይወጣል? የናፍጣ ጭስ ምድር ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው፣ ከምድር ቤቱ በታች ሌላ ወለል አለ? ካለ ስላቡ (የኮንክሪት ወለሉ) ክብደቱን መቻሉን የሕንፃው መሐንዲስ በጽሑፍ ይስጥህ። እንደ እኔ ከሆነ ውጭ ትንሽ ቤት ሠርቶ እላይ ማስቀመጡ ይሻላል። ሳታፍር ንገረው።

ስለ ጎረምሶቹም ልንገርህ። በአሰሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛህ በሥራው ላይ ሲጎዳ ጥፋት ባይኖርብህም ኃላፊው አንተ ነህ። ስምንት ሰው አያስፈልግህም። ሥራውን የሚያውቁ አራት ሰዎች፣ ሴፍቲ ጫማና ጓንት አድርገው፣ ይበቁሃል። የቲርፎሩን ኪራይ፣ የክሬኑንና የእነሱን ዋጋ «ማጓጓዣና ማውረጃ» ብለህ በፕሮፎርማህ ላይ ለብቻው ጻፍ። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ በነፃ እንሰጥና ገንዘቡ ሲያጥረን ጉልበት ፍለጋ ሰፈር እንወጣለን። ባለንብረቱ ቅር ቢለው እንኳ ከዋጋህ አትውረድ።

የራምፑን ርዝመትና ከፍታ፣ መታጠፊያ ካለውም የመታጠፊያውን ስፋት ለክተህ ጻፍልኝ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባየው ደስ ይለኛል።