ርኅራኄ የሚመስል ሐዘን

ነጩን ገዋን ገና ለለበሳችሁ ልጆቼ፣

ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው 34 ዓመታት አንዲት ሌሊት ከልቤ አልወጣችም። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ወር፣ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ የአራት ዓመት ልጅ እጄ ላይ አረፈ። እናቱ ስትጮኽ ከክፍሉ ወጥቼ ደረጃው ሥር ተንሰቀሰቅሁ። ባልደረቦቼ «ሆደ ቡቡ ናት» እያሉ አባበሉኝ፤ እኔም ርኅሩኅ የሆንሁ መሰለኝ። ስመለስ እናትየው የልጇን ጫማ ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሰው አልነበረም።

ለዚያ ሌሊት ስም ያገኘሁለት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪ ላንካ ያስተማረው የቡድሂዝም ሊቅ ቡድሃጎሳ ርኅራኄ ሁለት ጠላቶች እንዳሉት ጽፏል። የሩቁ ጠላት ጭካኔ ነው፤ እሱን ማንም ይለየዋል። የቅርቡ ጠላት ሐዘን ነው። መልኩ ከርኅራኄ ስለሚመሳሰል ዘመድ መስሎ ቤት ይገባል። እኔ በክርስትናዬ የጸናሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ቃል ሳነብ ግን ራሴን አየሁበት። ርኅራኄ ዓይኑ ታማሚው ላይ ነው። ሐዘን ሲበረታ ዓይናችንን ወደ ራሳችን ይመልሰዋል። ደረጃው ሥር ያለቀስሁት ለማን ነበር?

አታልቅሱ አልላችሁም። የቡድሂዝም መሥራች ቡድሃ በፍላጻ ስለተመታ ሰው ባስተማረው ምሳሌ፣ የመጀመሪያው ፍላጻ አዋቂውንም አላዋቂውንም ያማል። አላዋቂው ግን በሁለተኛ ፍላጻም ይወጋል። «ለምን አላዳንሁትም? ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም» እያላችሁ ሌሊቱን የምታነጉበት ሐሳብ እሱ ነው።

ቡድሂስቶች ሜታ የሚሉት ልምምድ አላቸው፤ በጎ ምኞትን ከራስ ጀምሮ ለሌላው ማዳረስ ነው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዋ ታኒያ ዚንገርና ባልደረቦቿ ባደረጉት ጥናት የሌላውን ሕመም አብሮ መታመምን የተለማመዱ ሰዎች ስሜታቸው ከበደ፤ ቀጥለው ርኅራኄን ሲለማመዱ በጎ ስሜታቸው አንሰራራ። እኔ በር ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ እተነፍሳለሁ። ለራሴ «ጽናቱን ይስጥሽ» እላለሁ፤ ገብቼ ደግሞ ለታማሚው «እግዚአብሔር ይማርህ»። ይህን ቃል ሁላችንም በሩጫ እንለዋለን። ፊቱን እያያችሁ፣ መዳኑን ከልብ እየተመኛችሁ በሉት፤ ድካሙ ሲቀላችሁ ታዩታላችሁ።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ሴት ልጁን ያጣ አባት አጋጠመኝ። ወለሉ ላይ አብሬው ተቀመጥሁ። እንባዬ ወረደ፤ እስኪነጋ ግን ከአጠገቡ አልተነሣሁም።